የእምቢታ ዕዳ፦ ከአዲስ አበባ አራት በሮች የተነሣ ቅኝት

ከአዲስ አበባ በየትኛውም በር ቢወጡ ብዙ ሳይርቁ ከአንድ ከተማ ይደርሳሉ። በደሴ መንገድ ለገጣፎና ለገዳዲ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ሲሻገሩ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ሰበታ ይገኛሉ። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው፤ ከቡራዩ አጠገብ ያለችው ገፈርሳም ስሟን ያገኘችው ከጎሽ ነው። ዋና ከተማዋ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውን ውሃ ነው። ውሃው በመጣበት አቅጣጫ ሠራዊትም፣ አቤቱታም፣ ተቃውሞም መጥቷል። ከከተማዋ ሸሽቶ የወጣ ሰውም በቅድሚያ የሚያገኘው ይህንኑ ሜዳ ነበር።

የኢትዮጵያን የእምቢታ ታሪክ ከእነዚህ መንገዶች ላይ ቆሞ መመልከት ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው። የጦር ሜዳውን ዝርዝርና የሰነዱን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትተን አንድ ጥያቄ እንከተል፤ በጭቆና ፊት እምቢ ያለ ሰው ምን አማራጭ ነበረው፣ ዕዳውንስ ማን ከፈለ? ዘመናቱን ስናገላብጥ የእምቢታው መሣሪያ ሲለዋወጥ እናያለን። ጠመንጃው ለማኅበር፣ ማኅበሩ ለስብከት፣ ስብከቱ ለተጣመረ ክንድ ቦታ ይለቃል። ዕዳው ግን ዞሮ ዞሮ የሚገባው ቤት ነው። አንዱ የመረጠውን ሚስቱ፣ ልጁ፣ ገዳሙ፣ ሰፈሩ ይከፍላል።

ነገሩ ከከተማዋ ይቀድማል። በ1830ዎቹ ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊ መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዛሬ አዲስ አበባ ባለችበት በፊንፊኔ አካባቢ ያደረጉትን ዘመቻ ጽፎ አቆይቷል። ያኔ ሸለቆው ጉለሌ፣ ኤካና ገላን የተባሉት የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከብት የሚያሰማሩበት መሬት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ መሬቱ ለመኳንንት፣ ለሠራዊትና ለቤተ ክርስቲያን ተደለደለ፤ ነባሩ ገበሬ ወይ ጭሰኛ ሆነ ወይ ወደ ዳር ተገፋ። በከተማዋና በዙሪያዋ መካከል ያለው የመሬት ጥያቄ የተተከለው ያኔ ነው። ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሲፈነዳ እንደርስበታለን።

የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና ግን ከውጭ መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ከተጓዙ ሦስት ቀን ሆኗቸው ነበር። ለቀረው መኳንንት፣ ወታደርና ገበሬ ሦስት መንገድ ተከፈተለት፤ መሰደድ፣ ለጣልያን መግባት፣ ወይም ዱር ቤቴ ማለት። በዚያው ክረምት ዱር ቤቴ ያሉት ተማምለው ከተማዋን በየአቅጣጫው ሊመቱ ተነሡ። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ከሰላሌ በኩል፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ይናዱ ከምሥራቅ፣ በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይም የራሳቸውን ጦር ይዘው መጡ፤ አረጋዊው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ከደቡብ ይጠበቁ ነበር። ክረምት የተመረጠው ጭቃው የጠላትን መኪና፣ ደመናው አውሮፕላኑን እንዲይዝ ነው። ያው ክረምት ግን ወንዞቹን ሞልቶ አርበኛን ከአርበኛ ለየ። ሬዲዮ አልነበረም፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማ ዘልቀው የገቡት ተዋግተው ተመልሰው ወጡ።

ከሰላሌው ጦር ጋር የመጡት አቡነ ጴጥሮስ ግን አልወጡም። ተይዘው ቀረቡ፤ የቀረበላቸውም ምርጫ ቀላል ነበር፤ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው ያውግዙ፣ ሕዝቡ እንዲገዛ ያዝዙ፣ በሕይወት ይኑሩ። እሳቸው ግን ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ገዝተው፣ ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። የውሳኔያቸው ክብደት የሚታየው አቡነ አብርሃምን አጠገባቸው ስናቆም ነው። ሁለቱ በ1921 ዓ.ም. አብረው ጵጵስና የተቀቡ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ አባቶች ናቸው። አቡነ አብርሃም ከጣልያን ጋር ሠርተው በወራሪው ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ አለቃ ሆኑ። ስለዚህ ጊዜው ነው፣ ምን ምርጫ ነበር የሚለው ቃል ለዚያ ዘመን አይሠራም። ምርጫ ነበር።

ዕዳው ወደ ቤት ሲገባ የምናየውም ከዚያው ወቅት ጀምሮ ነው። አበራና አስፋ ወሰን የምሕረት ቃል ተሰጥቷቸው ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ፤ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። የአበራ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ሐዘን አልተቀመጡም፤ ሕፃናት ልጆቻቸውን ይዘው በረሃ ገቡ፣ የባላቸውን ሰዎች ሰብስበው ተዋጉ። ከአባታቸው ከካሣ ወንዶች ልጆች መካከል በሕይወት የተረፈው አሥራተ ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ደጃፍ ላይ እናገኘዋለን።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሁለት ኤርትራውያን ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም፣ በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። አብርሃ በጣልያን መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ፣ እንጀራው የተረጋገጠ ሰው ነበር። ከግርግሩ ወጥተው በእንጦጦ በኩል የሰሜኑን መንገድ ያዙ፤ ያ መንገድ የሱሉልታን ሜዳ ሰንጥቆ ደብረ ሊባኖስ ያደርሳል። በመኪና ያሻገራቸው ስምዖን አደፍርስ ነው። ስምዖን እነሱን አድርሶ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ተይዞም በሥቃይ ብዛት ሞተ። በየካቲት 12 ታሪክ ውስጥ ልቤን አብዝቶ የሚነካው ይህ ሰው ነው። ቦምብ አልወረወረም፤ መኪና ነዳ። ያ ግን ሕይወቱን ለመክፈል በቂ ነበር።

ከተማዋም በበቀል ጭፍጨፋ ሦስት ቀን ከፈለች። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ሲል፣ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ያደርሰዋል። አብርሃ ባለቤቱን ደብረ ሊባኖስ አስቀምጦ ማለፉ ለግራዚያኒ ገዳሙን መወንጀያ ሰበብ ሆነለት። ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አፅም ሲከበር፣ ከየአገሩ ለበዓል የመጣው መነኩሴ ሁሉ በግቢው ተሰብስቦ ነበር። ጦሩ በሩን የዘጋው ያን ቀን ጠብቆ ነው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት የመነኮሳቱን ብዛት 297 ብሎ፣ በኋላ ዲያቆናቱን ጨምሮ ድምሩን 449 አደረሰው፤ የካምቤል ጥናት ከ1,800 በላይ ይላል። ከነዚህ መነኮሳት አብዛኛዎቹ የአብርሃንና የሞገስን ስም ከዚያ በፊት አልሰሙም ማለት ይቻላል።

በአምስቱ ዓመት ሌላም ዓይነት እምቢታ ተወለደ፤ የውስጥ አርበኛ። የውስጥ አርበኛ ቀን ከጠላት ጋር ውሎ ሌሊት ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ዱር ያሻግራል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለዚህ አዋሉ፣ ተይዘው ወደ ጣልያኗ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፣ ሲመለሱም ከቡራዩና ከሆለታ ማዶ ያለውን የአዲስ ዓለም ምሽግ ካስጠቁት ውስጥ ሆኑ። በዚያው ምዕራብ መስመር ጃገማ ኬሎ በ15 ዓመቱ ገደማ ዱር ገብቶ ጦር መሪ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጠላት ከተማ በገባበት ቀን በአምስተኛ ዓመቱ፣ በፍቼና በሱሉልታ መንገድ እንጦጦ ደርሰው ቁልቁል ወደ ከተማቸው ወረዱ።

የዚህን ዘመን ነገር ብንጠቀልለው፣ ጠላት ባዕድ ስለነበር መስመሩ ይታይ ነበር፤ አርበኛና ባንዳ ተብሎ ሰው ይለያል። ከነጻነት በኋላ መስመሩ ደበዘዘ። ለጣልያን ያደሩ ብዙዎች ተሾሙ፤ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ከዚህ ወዲህ እምቢታ በገዛ መንግሥት ላይ የሚነሣ ሆነ፤ ምርጫውም ከበደ።

ይህን መሸጋገሪያ በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ሊገለብጡ ሲነሡ፣ ሙከራውን ካከሸፉት የፖሊስ መኮንኖች አንዱ ታደሰ ብሩ ነበሩ። ግርማሜ ሞቱ፣ መንግሥቱ ተሰቀሉ፣ ታደሰ የዙፋኑ ባለሟል ሆኑ። በ1954 ዓ.ም. ክረምት በቡራዩ መውጫ በኩል ባለው የኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ እንግዳ ሊሠለጥን መጣ። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተጻፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘው ይህ ሰው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ተኩስ፣ ፈንጂ፣ የረጅም መንገድ ጉዞ ተማረ፤ ስለ ሽምቅ ውጊያ ትምህርት የሰጡት ያው ኮሎኔል ታደሰ ናቸው። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሁለት ወር ሲሞላው ቴሌግራም መጣ፤ የትግል ድርጅቱ አገርህ ተመለስ አለው። ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጥተው ሸኙት። ማንዴላ በስደት ሊቆይ ይችል ነበር፤ ተመለሰ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፣ 27 ዓመት ታሠረ።

አስተማሪውም ብዙ አልቆዩም። በ1955 ዓ.ም. የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተመሠረተ። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በመዋጮ መሥራት የሚል ዓላማ ነበረው፤ የሸዋ ኦሮሞ ገበሬ ግን የመሬትና የክብር ጥያቄውን ይዞለት መጣ። ጄኔራል ታደሰ ማኅበሩን ሲቀላቀሉ ሹመት የጎደላቸው ሰው አልነበሩም፤ ያንንም አሳልፈው ሰጡ። በ1959 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሠሩ፣ ማኅበሩ ታገደ። ጠበቃው ኃይለ ማርያም ገመዳ በደረሰበት ድብደባ ሞተ፤ መኮንኑ ማሞ መዘምር ተሰቀለ፤ ታደሰ የሞት ፍርዳቸው ወደ እስራት ተለወጠ። አብዮቱ ያስፈታቸዋል ሲባል ደርግ በ1967 ዓ.ም. ረሸናቸው። ዙፋኑን ያዳነ ሰው በዙፋኑ ታሥሮ፣ ዙፋኑን በጣለው ተገደለ። በመካከሉ «መሬት ለአራሹ» ያሉት ተማሪዎች አደባባይ ወጥተዋል፤ መሪያቸው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገድሏል። የዚያ ትውልድ ታሪክ ሰፊ ስለሆነ እዚህ በጥቂቱ አልፈዋለሁ።

አሁን ያቆየነውን ስም እናንሣ። ከወንድማማቾቹ በሕይወት የተረፉት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለሥልጣናት ጋር ተረሸኑ። ቤታቸው ተወረሰ። ያ ግቢ በ1971 ዓ.ም. ክረምት የሁለት የሃይማኖት አባቶች መገደያ ሆነ፤ ከመንበራቸው የተነሡት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ።

ጉዲና አስቀድመው ሁለት ጊዜ ታሥረው ተፈትተዋል። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። የመለሱት መልስ በቤተ ክርስቲያናቸው ዛሬም ይነገራል፤ ሌሎችን ቄሶች ከምእመናችሁ አትለዩ እያልኩ ስማጸን ኖሬ እኔ እንዴት ትቼ እሄዳለሁ የሚል ነበር። በጀርመን ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1931 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ደህንነት ወደ ሂትለር አገር የተመለሰው በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው፤ እሱም ተሰቅሏል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ጉዲና ሰብከው ከባለቤታቸው ከፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ መኪናቸው ታገደ። ቀኑ አርበኞቹ አዲስ አበባን ከመቱበት ቀን በ43ኛ ዓመቱ መግጠሙ አጋጣሚ ነው። ፀሐይን ለጊዜው ለቀቋቸው፤ በማግሥቱ ዓመት ግን አሥረው አሥር ዓመት ገደማ ያዟቸው። ባላቸው የት እንዳሉ የሚነግራቸው አልነበረም። አፅማቸው ከዚያ ግቢ የተቆፈረው በ1984 ዓ.ም. ነው። ስለ ጉዲና ብዙ ተጽፏል። ለእኔ ግን የፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ከባልየው አንድ ሌሊት አያንስም፤ እሱ መርጦ የሄደበትን መንገድ እሳቸው እያንዳንዱን ቀን ተራመዱት።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ የምርጫ ሣጥን መጣ፣ ጋዜጣ መጣ፤ እምቢታም በሕግ ቋንቋ መናገር ጀመረ። በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የተገደሉትን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መሞታቸውን መዝግቦ፣ በ8 ድምፅ ለ2 ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር አለ። ውጤቱን ለውጡ የሚል ጫና ሲመጣ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ ቁጥሩን ይዘው ተሰደዱ። አንድ ቁጥር ላለመቀየር አገርን መልቀቅ፣ ይህ በአርበኞቹ ዘመን የማይታወቅ የእምቢታ ዓይነት ነው።

ከዚያ ወደ ሜዳችን እንመለሳለን። በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ከተሞች የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሆነው ተደራጁ፤ በ2006 ዓ.ም. ከዋና ከተማዋ ጋር የሚያስተሳስራቸው የጋራ ማስተር ፕላን ይፋ ሆነ። በ1879 የተተከለው ጥያቄ ፈነዳ። የገበሬው ስጋት ግልጽ ነበር፤ ከተማው በሰፋ ቁጥር ሜዳው በጥቂት ካሳ ፋብሪካና ቪላ ይሆናል። አምቦና ዩኒቨርሲቲዎቹ ቀደሙ፤ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ክልሉን አዳረሰ፤ ጥር ላይ ፕላኑ ተሰረዘ፤ ግድያው ግን አልቆመም። በሰልፉ ላይ ወጣቱ ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሮ እንደ ታሠረ ሰው ይቆም ነበር።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ያ ምልክት ሪዮ ደረሰ። የጀልዱው ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ ማራቶኑን በ2:09:54 ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዱን አጣመረ። የሱሉልታን ሜዳ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳል። እዚያ ሌሊቱ ሳይነጋ በብርድ የሚሮጡት ልጆች የሚሮጡት ለቤታቸው ነው፤ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ደግሞ የቤተሰብ መኖሪያ፣ የወንድም ትምህርት ቤት፣ የወላጅ ጧሪ ነው። ፈይሳ ያንን ሁሉ በአንድ ምልክት አስያዘ። ብመለስ እገደላለሁ ወይም እታሠራለሁ ብሎ በስደት ቀረ፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ የደረሱበት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ተመለሰ። ሳይመለሱ የቀሩ ግን ብዙ ናቸው፤ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ በተፈጠረው ትርምስ መንግሥት ራሱ ያመነው 55 ሞት ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ሰበታን ጨምሮ በየከተማው ፋብሪካዎች ተቃጠሉ። ቁጣው ምክንያት ነበረው፤ የተቃጠለው ግን የሠራተኛውም እንጀራ ነው።

በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ እስረኞች ወጡ። ጨቋኙ ግን ሁልጊዜ መንግሥት እንዳልሆነ ቡራዩ አሳየን። ከመስከረም 4 እስከ 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው መንጋ ሆኖ የወጣ ኃይል በጋሞና በሌሎች ተወላጆች ቤት ላይ ተነሣ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቁጥር 58 አድርሶታል፤ ሺዎች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ሬሳው ሳይቀበር ቁጣው አርባ ምንጭ ደረሰ። ወጣቶች ለበቀል ሲተሙ የጋሞ አባቶች መንገድ ላይ ወጡ። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በጉልበታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን ረግጦ የሚያልፍ የለም። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰ። እነዚያ አባቶች ዘመዶቻቸው የሞቱባቸው ናቸው፤ በቁጣ በሚገፋ ሕዝብ ፊት መንበርከክም ሊያስረግጥ፣ ፈሪ ሊያስብል ይችል ነበር። በዚህ ቅኝት ካየናቸው ምርጫዎች ሁሉ ይህን ከላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ዕዳውን ወደ ሌላ ሰው ቤት ከማስተላለፍ አቆሙት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ገና ታሪክ አልሆነም፣ ቁስል ነው። የካቲት 2011 ዓ.ም. የለገጣፎ ለገዳዲ አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ቤቶች ማፍረስ ጀመረ፤ ሊፈርሱ የታሰቡት ከ12 ሺህ በላይ እንደሆኑ ተነገረ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ ማፍረሱ ሰፋ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሂደቱን ተችቷል። መሬቱን በርካሽ ያጣው ገበሬና ከዚያው መሬት ላይ ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ ቤት የሠራው ሰው ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሁለቱም ከባለ ዕዳዎቹ ወገን እንጂ ካበዳሪዎቹ ወገን አይደሉም።

ለየካቲት 12 ሰማዕታት ስድስት ኪሎ ላይ ሐውልት ቆሟል፤ አቡነ ጴጥሮስም አደባባይ አላቸው። ስምዖንን ያወቅነው የጻፈው ሰው ስለነበረ ነው። በ1929 ከከተማዋ ሸሽቶ ሱሉልታ የደረሰን ሰው ያበላች እናት፣ በደርግ ዘመን ሰበታ ላይ የሰው ልጅ ጓዳዋ ያስተኛች ባልቴት፣ በ2011 ቡራዩ ላይ ጎረቤቱን አልጋው ሥር ደብቆ በሩ ላይ የቆመ ሰው ግን ስማቸው የትም የለም። እናንተ በለገዳዲ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ ያላችሁ አንባቢዎች፣ አያት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ካላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፈቃዳቸውን ለምናችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ፣ ቀኑንና ሰፈሩን ጻፉ። የአምስቱን ዓመት በልጅነት ዓይናቸው ያዩት ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ናቸው።